በሩ ላይ «ምክር» ብቻ የተጻፈበት ቢሮ

ስታዲየም አካባቢ ከአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ይህን ቢሮ የመረጥኩት የሥነ ልቦና ሕክምናንም ኮቺንግንም (ሰው ላሰበው ግብ ዕቅድ አውጥቶ እንዲሠራ በጥያቄ የማገዝ ሥራ) ስለሚሰጥ ሳይሆን ለሥራ ቦታዬ ስለሚቀርበኝ ነበር። ታፔላው ሁለቱንም «ምክር» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሏቸዋል፤ ቃሉ ግን ለአንዳቸውም የሚስማማ አይመስለኝም። በእኛ ዘንድ መካሪ ማለት «እንዲህ አድርግ» የሚል ሽማግሌ ሲሆን፣ እዚያ ያገኘኋቸው ሁለት ባለሙያዎች ከመናገር ይልቅ መጠየቅ ያበዛሉ።

የሄድኩት ለኮቺንግ ነው፤ ቅጥር ሥራዬን ትቼ የራሴን የሒሳብ አገልግሎት ለመክፈት ካሰብኩ ዓመት ቢሞላኝም የንግድ ፈቃድ ማውጣት እንኳ አቅቶኝ ነበር። ኮቹ በመጀመሪያው ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ የት መድረስ እንደምፈልግና እስከዚያ በየሳምንቱ ምን እንደምሠራ አስጻፈኝ። በሁለተኛው ቀጠሮ ምንም ሳልሠራ ተመለስኩ። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ የአባቴ አርባ ከወጣ ወዲህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየነቃሁ ሳልተኛ እንደሚነጋ፣ ምግብም ሰውም እንዳስጠላኝ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ይህ ከእኔ ሥራ ውጭ ነው» አለኝ። ለዚህ ንግግሩ ቢሮውን አመሰግናለሁ፤ ኮች ለመባል የሕክምና ሙያ ፈቃድ ስለማይጠየቅ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን የሚሰጠው ዕውቅናም በፈቃደኝነት የሚወሰድ በመሆኑ፣ የሥራውን ወሰን የሚጠብቀው በአብዛኛው የባለሙያው ሕሊና ነው።

አጠገቡ ባለው ክፍል የሚሠሩት የሥነ ልቦና ባለሙያ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከት ባለ ዘጠኝ ጥያቄ ቅጽ አስሞሉኝ፤ ቅጹ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብን ጭምር ይጠይቃል። ሐዘን ሁሉ ድብርት እንዳልሆነ፣ መድኃኒት ካስፈለገም እሳቸው ስለማያዙ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም እንደሚልኩኝ አስረዱኝ። አባቴ ታሞ በተኛበት ጊዜ ላይ ሦስት ቀጠሮ ቆየን። «ሕክምና ስላለፈው፣ ኮቺንግ ስለሚመጣው» ሲባል እሰማለሁ፤ ነገሩ እንዲህ አይቆረጥም፤ በምሽት ስንት ሰዓት መተኛት እንዳለብኝም ከእሳቸው ጋር ተነጋግረናል።

ቅር ያሰኘኝ እንግዳ መቀበያው ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ሰው በተቀመጠበት «ለምን ችግር ነው የመጡት?» ብላ ትጠይቃለች፤ ደረሰኙም ላይ የሚጻፈው ያው «ምክር» ስለሆነ፣ አዲስ የመጣ ሰው ለየትኛው አገልግሎት እንደከፈለ አያውቅም። አስቀድሜ የከፈልኩባቸው ሁለት የኮቺንግ ቀጠሮዎች ግን አልተቃጠሉብኝም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሲፈቅዱልኝ እንድመለስባቸው ተይዘውልኛል።