«ተረክባችኋል» ያለው ኮምፒውተሩ ነው፤ እኛ አልተረከብንም

በባሕር ዳርና በዙሪያዋ የአረጋውያን መጦሪያ የምታስተዳድሩ፣ እናት አባታችሁን በእንዲህ ያለ ቤት ያስቀመጣችሁ፣ ወይም በየወሩ ለአንዱ ማኅበር የምታዋጡ ሁሉ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። የመድኃኒት ትዕዛዝን በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይልካል፣ ይቀበላል፣ ያመሳክራል እየተባለ በየግቢው የሚዞር አንድ ሶፍትዌር አለ። ከአንድ ታብሌትና ከአንድ የባርኮድ ማንበቢያ ጋር ይሸጣል። እኛ በኅዳር 2018 ገዛነው። እስከ ዛሬ 136,200 ብር ወስዶብናል። የሻጩን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ዕቃውን ግን ከምነግራችሁ ምልክት ታውቁታላችሁ።

እኔ ሐኪምም ፋርማሲስትም አይደለሁም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ አንድ መጦሪያ ውስጥ በፈቃደኝነት ንብረት እይዛለሁ። 24 አረጋውያን አሉን፤ አብዛኞቹ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የሁለቱም ሕመምተኞች ናቸው። በንብረት ክፍል ያረጀ ሰው አንድ ነገር ከደሙ ጋር ይዋሐደዋል፦ ዕቃው መጥቶ፣ ታይቶ፣ ተቆጥሮና ከማዘዣው ጋር ተመሳክሮ ካልሆነ በቀር ሞዴል 19 በተባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ላይ አይፈረምም። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው፤ 31 ዓመት የኖርኩበትን ሕግ በአንድ የዓሣ ምሳ ረሳሁት።

ሻጮቹ ሐይቁ ዳር ወዳለ ሆቴል ጋበዙን። ፕሮጀክተር ተከፈተ። ከመጦሪያው የታዘዘ መድኃኒት በመድኃኒት ቤቱ ስልክ ላይ ብቅ ሲል፣ ዕቃው ሲመጣ ማንበቢያው «ጢጥ» ሲል፣ አረንጓዴ ምልክት ሲበራ አየን። ቆሮሶ ተጠብሶ ቀረበ። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ወረቀት ቀረ» አለኝ ወጣቱ። ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ሲቆልል ለኖረ ሰው ከዚህ የሚጥም ቃል የለም። በማግስቱ ፈረምን። በዚያ ማሳያ ላይ የመጣው ዕቃ ሁሉ ልክ የታዘዘው እንደነበር ያስተዋልኩት ከወራት በኋላ ነው። የጎደለ፣ የተሳሳተ፣ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ አንድም ዕቃ አላሳዩንም። እኛም አሳዩን አላልንም።

የመጀመሪያው ጉድ በታኅሣሥ መጣ። የስኳር መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚን ባለ 500 ሚሊ ግራም 6 ፓኬት አዘዝን። ፓኬቱ 10 ስትሪፕ፣ ስትሪፑ 10 ፍሬ ይይዛል፤ በድምሩ 600 ፍሬ መሆኑ ነው። በባጃጅ የመጣልን ግን 6 ስትሪፕ ነበር። መድኃኒት ቤቱ በእጁ ያለውን ልኮ ደረሰኙንም በ60 ፍሬ ቆርጧል፤ በእርሱ በኩል ነውር የለም። ሶፍትዌሩ ግን 6 ታዟል፣ 6 ገብቷል፣ ስለዚህ «ተሟልቷል» አለና አረንጓዴው በራ። ስድስት ምን? ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም። ይህን መድኃኒት ጠዋትና ማታ አንዳንድ ፍሬ የሚወስዱ 11 ሰዎች አሉን፤ በቀን 22 ፍሬ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ማታ፣ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ታብሌቱ ላይ 540 ፍሬ ቀሪ አለ። «ክምችት ሲያንስ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል» የተባለለት ደወል ያልጮኸው ለዚህ ነው፤ በእርሱ ቤት ጥጋብ ነበራ። ሲስተራችን ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ስትዞር አመሸች።

ሁለተኛውን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል። የደም ግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን ባለ 5 ሚሊ ግራም ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ባለ 10 ተላከልን። ፋርማሲስቱ ጨዋ ሰው ነው፤ በደረሰኙ ጀርባ «ባለ 10 ስለሆነ ግማሽ ግማሽ ይሰጥ» ብሎ በእጁ ጽፏል። ነገር ግን ወረቀት ቀርቷል ተብለን የለ? ደረሰኙን ገልብጦ ያየ ሰው አልነበረም። ሶፍትዌሩ መድኃኒቱን የሚያውቀው በስሙ ብቻ ነው፤ መጠኑ «አስተያየት» በሚል ሳጥን ውስጥ በፈቃድ የሚሞላ ነው። አምሎዲፒን ታዘዘ፣ አምሎዲፒን መጣ፣ አረንጓዴ። ሁለት እናቶች ለሦስት ቀን እጥፉን ወሰዱ። አንደኛዋ እማማ ከአልጋ ሲነሱ ዞረባቸው፤ እግራቸውም አብጦ ነበር። ይህ መድኃኒት ሲበዛ እንዲህ እንደሚያደርግ ሲስተር ስለምታውቅ ወዲያው ማሸጊያውን አንስታ አየች። እግዚአብሔር ይመስገን ከዚያ አላለፈም።

ማን ነው የተረከበው? ብዬ መዝገቡን ከፈትኩ። «አስተዳዳሪ» ይላል። ከዚያ በፊት የገባውንም፣ ከዚያ በኋላ የገባውንም የተረከበው «አስተዳዳሪ» ነው። ለቤቱ ሁሉ የተሰጠን የይለፍ ቃል አንድ ብቻ ነበርና ያዘዘውም፣ የተቀበለውም፣ ያረጋገጠውም አንድ ሰው ይመስላል። በእኛ ጊዜ አዛዥና ተረካቢ አንድ ሰው ሆኖ ከተገኘ ኦዲተር ሌላ ገጽ አይገልጥም ነበር። እዚያው ላይ ያቆምህ ነበር።

የጊዜ ማብቂያውን ነገር ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ሌላ ሶፍትዌር ብትገዙም ይጠቅማችኋልና። ማሸጊያ ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት ታያላችሁ። ባለ መስመሩ ባርኮድ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ምን እንደሆነ ብቻ ነው የሚናገረው። መቼ እንደሚያልፍበት፣ ከየትኛው የምርት ዙር እንደሆነ አያውቅም። ሁለተኛው በትናንሽ ነጠብጣብ የተሞላ አራት ማዕዘን ነው፤ ዳታ ማትሪክስ ይባላል። እርሱ ጂኤስ ዋን በሚባለው ዓለም አቀፍ የምርት መለያ ሥርዓት መሠረት ከተዘጋጀ ባለ 14 አሐዝ የምርት ቁጥር፣ የማብቂያ ቀን፣ የባች (የምርት ዙር) ቁጥርና የእያንዳንዱን ማሸጊያ መለያ ቁጥር በአንድ ላይ ይይዛል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ በጽሑፍም ይታተማል፤ ከ01 ቀጥሎ የምርቱ፣ ከ17 ቀጥሎ የማብቂያው ቀን፣ ከ10 ቀጥሎ ባቹ፣ ከ21 ቀጥሎ መለያው ነው። ለእኛ የተሸጠልን ማንበቢያ መስመሩን ብቻ የሚያነብ ርካሹ ዓይነት ነው። አራት ማዕዘኑ ላይ ብታሳርፉት ቀይ መብራቱን እያበራ ዝም ይላል። ታዲያ «ጊዜ ያለፈበትን ይለያል» የተባለው በምን ዓይኑ ነው?

በእጅ ሙሉት አሉን። እሺ ብለን ሞላን። በጥር ኦሜፕራዞል የሚባለው የጨጓራ መድኃኒት አንድ ካርቶን መጣ፤ ማብቂያው 02/2026 ይላል። ይህ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2026 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር እስከ የካቲት 21 ቀን 2018 ድረስ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሠራል» ተብሎ የተወደሰ ነው፤ የሠራው ግን ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ የወር ስም መለጠፍ ብቻ ነው። ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው፤ ስለዚህ ጥቅምት 2026። ጥቂት ሳምንት የቀረው መድኃኒት በአንድ ጊዜ 7 ዓመት ከ8 ወር ዕድሜ ተጨመረለት። እኔ በመጋቢት መደርደሪያ ሳጸዳ በዓይኔ ባላየው ኖሮ እስከ ዛሬ ይታደል ነበር። የሰዓቱም ነገር ከዚህ አይሻልም። ሲስተር ማታ 1 ሰዓት ብላ የሞላችውን ሌሊት 7 ሰዓት አድርጎ ደውሎ ቤቱን ሁሉ ቀስቅሷል፤ ይህንን ግን ስቀን አሳለፍነው።

ከሁሉ የከፋውን ያወቅሁት መብራትና ኔትወርክ አብረው በጠፉበት ሰሞን ነው። ለሁለት ሰዎች ኢንሱሊን ታዞ ነበር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ሆኖ ከጠነከረም ተበላሽቷል፣ አይሰጥም። የባጃጁ ሰው ግቢውን ስቶ፣ ስልካችንም አልሠራ ብሎት፣ መርፌውን ከእነ ከረጢቱ ይዞት አደረ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አመጣው፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው በረዶ ውኃ ሆኖ ውኃውም ሞቋል። የሚያዝያን ሙቀት ለባሕር ዳር ሰው አልነግርም። ኔትወርኩ ሲመለስ አንቀበልም ብለን ልንመልስ ታብሌቱን ከፈትን። «ተረክባችኋል» ይላል! ለካ ትዕዛዝ ከተላከ 24 ሰዓት ካለፈ፣ ማንም ሳይነካው፣ ራሱ ተረክቧል ብሎ ይመዘግባል። ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ ውድቅ ማድረጊያ የለውም። ሻጩን በስልክ ስጠይቀው «ሥራ እንዳይበዛባችሁ ብለን ነው» አለኝ። ለሥራችን ማን አሳሰበው? መድኃኒት ቤቱ ቅን ባይሆን ኖሮ የእነዚያ ብልቃጦች ዋጋ በእኛ ላይ ይቀር ነበር።

ስለ ገንዘቡ። መግቢያው 96,000 ብር ነው። ወርኃዊው ለሦስት ወር 5,000 ብር ሆኖ፣ ከአራተኛው ወር ጀምሮ «በተጠቃሚ ቁጥር ይሰላል» የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ አለ። ተጠቃሚ ማለት ታብሌቱን የምንነካው እኔና ሲስተር መሰለን፤ ለሁለት ሰው ቢሰላ ይቀንሳል ብለን እንዲያውም ደስ አለን። ለካ ተጠቃሚዎቹ አልጋ ላይ ያሉት እማማዎችና አባባዎች ናቸው። 24 ሰው በ350 ብር፣ በወር 8,400 ብር። ውሉን በቃን ስንል መዝገባችንን አውጥቶ ለመስጠት ሌላ ክፍያ ተጠየቅን። የሕመምተኞቻችን ስምና የሚወስዱት መድኃኒት እኮ ነው መያዣ የተደረገው። አንድ የሕግ ባለሙያ ጎረቤቴ እንዳስረዳኝ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ግለሰብ ስለሆነ፣ እንደ እኛ ያለ ተቋም የሚሟገተው በፈረመው ውል ነው። ስለዚህ ውሉን ዓሣው ከመቅረቡ በፊት አንብቡት። መዝገባችሁ በምን መልክና በስንት ቀን እንደሚመለስላችሁ፣ ተጠቃሚ ማለት ማን እንደሆነ በጽሑፍ አስገቡ።

በኤሌክትሮኒክስ መሥራት ስሕተት ነው እያልኩ አይደለም። የሐኪም እጅ ጽሑፍ ለመፍታት ሦስት ሰው የሚሰበሰብበት ዘመን ቢያልፍ እኔም ደስታዬ ነው። እኔ የምለው መረከብ የሰው ሥራ ነው፤ ማሽኑ እንዲቆጥርልን ሳይሆን ሳንቆጥር እንዳናልፍ እንዲከለክለን ነው የሚገዛው። አሁን ወደ ሞዴል 19ና የዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ወደሚጻፍበት ቢን ካርድ ተመልሰናል። ማዘዣው፣ ደረሰኙና ዕቃው ሦስቱም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ ሲስተር ስም፣ መጠን፣ ባችና ማብቂያ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ እቆጥራለሁ። ደረሰኙንም ገልብጠን እናያለን። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ሻጭ መጣ። ይኸኛው ሌላ ዓይነት ሶፍትዌር ነው። ላፕቶፑን ሳይከፍት «ቆይ ልጄ» አልኩና አንድ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። 6 ፓኬት ተብሎ በታዘዘበት 6 ስትሪፕ፣ ባለ 5 በታዘዘበት የባለ 10 ባዶ ማሸጊያ፣ ያ የየካቲቱ ኦሜፕራዞል፣ እና አንድ ጨርሶ ያላዘዝነው ሽሮፕ አለበት። «ይህን በእኔ ፊት ተረከብልኝ» አልኩት። ሽሮፑንና ኦሜፕራዞሉን ሶፍትዌሩ ቀይ አብርቶ መለሳቸው። ስትሪፑንና ባለ 10ውን ግን እልል ብሎ ተቀበላቸው። ልጁ አልተከራከረም፤ ማስታወሻ ይዞ አስተካክዬ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። አስተካክሎ ከተመለሰ ምናልባት እንነጋገራለን።

ከረጢቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሻጭ ለሚመጣበት ቤት ሁሉ አውሰዋለሁ፤ ስትመልሱልኝ ግን ቆጥሬ ነው የምቀበለው።