ከባዱን ሜሽ በቀላሉ ማዘዝ፦ ከወራት የብሌንደር ሜሽ ዲፎርም አጠቃቀም በኋላ

ሜሽ ዲፎርም በ3D ሶፍትዌሩ ብሌንደር ውስጥ አንድን ሜሽ (የ3D ቅርጽ) በሌላ ቀለል ያለ ሜሽ የሚያንቀሳቅስ ሞዲፋየር፣ ማለትም ቅርጽ ቀያሪ መሣሪያ፣ ነው። የጀመርኩት ሥራ ያፈጥንልኛል ብዬ ነው። ሳልተወው የቆየሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው፦ የገጸ ባሕሪው ዲዛይን መሃል ላይ ሲቀየር ሪጉ (ገጸ ባሕሪውን የሚያንቀሳቅሰው መዋቅር) አይፈርስም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መቶ ሺዎች ፖሊጎን ያለውን ሜሽ በቀጥታ ከቦኖቹ (ከሪጉ አጥንቶች) ጋር አታያይዙትም። ጥቂት መቶ ነጥቦች ብቻ ያሉት ሸካራ ልባስ ትሠሩለታላችሁ፤ ኬጅ ይባላል። ቦኖቹ ኬጁን ያንቀሳቅሳሉ፣ ኬጁ ውስጡ ያለውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ትራስ ሲጨመቅ ጥጡ አብሮ እንደሚሄደው።

ዌይት ፔይንት (የትኛው ቦን የትኛውን ክፍል ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ በቀለም መቀባት) ላይ የተሰቃየ ሰው ጥቅሙ ወዲያው ይገባዋል። የምትቀቡት ኬጁን ብቻ ነው። ጃኬቱ፣ ቁልፎቹ፣ ቀበቶው በአንድ ኬጅ ውስጥ ስላሉ አንድ ላይ ይታጠፋሉ። ቆዳው ሸሚዙን በስቶ የሚወጣበት ጣጣም በጣም ቀንሶልኛል። አሠሪው «ኪስ ይጨመርለት» ካለ ኪሱን ጨምሬ እንደገና ባይንድ አደርጋለሁ፣ ማለትም ሜሹን ከኬጁ ጋር አስራለሁ። በቃ።

«ሌላው የብሌንደር ቅርጽ ቀያሪ፣ ላቲስስ ምን አጣ?» ትሉ ይሆናል። ላቲስ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ያለው ቀኝ ጭን ይሁን ግራ ጭን አይለይም። ሜሽ ዲፎርም የሚሠራው የአኒሜሽን ስቱዲዮው ፒክሳር በ2007 ይፋ ባደረገው ሃርሞኒክ ኮኦርዲኔት በሚባል ስሌት ነው። እያንዳንዱ የኬጅ ነጥብ ያለው ተጽዕኖ የሚሰራጨው በኬጁ ውስጥ ለውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጭኖች ቢጠጋጉም አንዱ ሌላውን አይጎትትም።

አሁን ወደሚያናድደው። ኬጁ ድፍን መሆን አለበት፣ ቀዳዳ አይፈልግም። ከኬጁ ውጭ የቀረች ትንሽ ነገር ካለች ገጸ ባሕሪው ሲሄድ እሷ እዚያው ተንጠልጥላ ትቀራለች። ባይንድ ካደረጋችሁ በኋላ ኬጁ ላይ ነጥብ ከጨመራችሁ ሁሉም እንደ አዲስ ነው።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ጣት ነው። ፕሪሲዥን የሚባለው ቁጥር ሲጀመር 5 ነው። በዚህ መጠን ቀጫጭን ጣቶች በደንብ አይለዩም፣ እርስ በርስ ይጎተታሉ። አንድ ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ስሌቱ የሚካሄድበት ግሪድ (የትናንሽ ሳጥኖች መረብ) በየአቅጣጫው እጥፍ ይሆናል፤ ሳጥኖቹ ወደ 8 እጥፍ ይጠጋሉ ማለት ነው። ባይንዱ ይንቀራፈፋል፣ ሜሞሪውም ይሞላል። እኔ ጣቶቹን በቨርቴክስ ግሩፕ (ስም በተሰጠው የነጥቦች ስብስብ) ነጥዬ በቀጥታ ለቦን እሰጣለሁ። ፊትንም እንዲሁ፤ ከንፈር በኬጅ ሲንቀሳቀስ አያምርም፣ ሼፕ ኪ (አስቀድሞ የተቀመጠ የቅርጽ ለውጥ) ይሻላል። ሰብዲቪዥን (ሜሹን እየከፋፈለ የሚያለሰልስ ሞዲፋየር) ካለ ደግሞ በሞዲፋየሮቹ ዝርዝር ከሜሽ ዲፎርም በታች ይሁን፣ ያኔ ባይንዱ ቀለል ይላል።

ለልብስ ወደ ሰርፌስ ዲፎርም ዞሬአለሁ፤ አንድ ሜሽ የሌላ ሜሽን ገጽ እንዲከተል የሚያደርግ ሞዲፋየር ነው። ብሌንደር ላይ የመጣው በ2017 ከ2.79 ጋር ነው። ድፍን ኬጅ አይጠይቅም። ቀላል ጨርቅ ላይ ሲሙሌሽን አስኬዳለሁ፣ ስፌትና ጠርዝ ያለው ከባዱ ልብስ ተከትሎት ይሄዳል። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ጭቅጭቅ ይወዳል፦ አንድን የሜሽ ጠርዝ ከሁለት በላይ ፖሊጎኖች ከተጋሩት ወይም ጠርዙ ወደ ውስጥ የገባ ፖሊጎን ካለ ባይንድ አላደርግም ይላል። ለሁለተኛው ችግር የቀላሉን ጨርቅ ፖሊጎኖች ወደ ሦስት ማዕዘን መቀየር ይበቃል።

ገጸ ባሕሪያችሁ አንድ ወጥ ሜሽ ከሆነና ዲዛይኑ ካለቀለት ግን በኬጅ አትድከሙ። ከቦኖቹ ጋር አያይዙትና ወደ አኒሜሽኑ ግቡ።