የወተት አፍላቶክሲን፦ ስትሪፕ ወይስ ላቦራቶሪ?

ወተት ሲፈላ ባክቴሪያው ይሞታል፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ግን ንቅንቅ አይልም። ላሟ የሻገተ ፋጉሎ ከበላች፣ መርዙ ጉበቷ ውስጥ ተለውጦ ኤም1 የሚባል አፍላቶክሲን ሆኖ ወተቷ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መመርመር ግድ ነው።

ስትሪፑ፣ ማለትም ቀጭኑ የመመርመሪያ ወረቀት፣ ርካሽ ነው። ወተቱ ውስጥ ይነከርና በደቂቃዎች ውስጥ መስመር ያወጣል። ልብ በሉ፤ አነባበቡ የእርግዝና ምርመራ ተቃራኒ ነው። የመመርመሪያው መስመር ከጠፋ ወይም ከደበዘዘ ነው መርዝ አለ የሚባለው። ይሄ ያልተነገረው ሠራተኛ ጥሩውን ወተት ደፍቶ መጥፎውን ሊቀበል ይችላል! ሌላው ጣጣ ወተት ውስጥ የሚፈቀደው የመርዝ ገደብ ነው። አሜሪካ በኪሎ 0.5 ማይክሮግራም ትፈቅዳለች፤ የአውሮፓ ኅብረት 0.05 ብቻ። ለአሜሪካው ልክ የተሠራ ስትሪፕ ያሳለፈው ወተት በአውሮፓው ሊወድቅ ይችላል።

የላቦራቶሪው ክሮማቶግራፊ፣ መርዙን ከወተቱ ለይቶ የሚለካው ዘዴ፣ ቁርጡን በቁጥር ይናገራል። ግን ማሽኑ ውድ ነው፤ ናሙናውም አስቀድሞ መጣራት አለበት። ውጤቱ እስኪመጣ ወተቱ ተጠጥቶ ሊያልቅ ይችላል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ወተት መሰብሰቢያው በር ላይ ስትሪፕ ይሻላል። መስመሩ ያጠራጠረው ወተት ተለይቶ ይቀመጥና ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። ወተቱን ያመጣው ገበሬ ፋጉሎም አብሮ ይመርመር።