ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ያለው የአሮጌ መጻሕፍት መደብር

በዚህ ጠባብ መደብር ውስጥ የአፍሪካ የታሪክ መጻሕፍት በየአገሩ ተለይተው መደርደራቸው፣ አንጎላንና ሞዛምቢክን ጎን ለጎን ለማንበብ ለሚፈልግ ሰው ብዙ ድካም ይቀንሳል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1975 ከፖርቱጋል ነፃ ወጥተው እርስ በርስ ወደ መዋጋት ቢገቡም፣ የሞዛምቢኩ ጦርነት በ1992 በሮም ስምምነት ሲቋጭ፣ የአንጎላው ግን የአማፂው ቡድን የዩኒታ መሪ ጆናስ ሳቪምቢ እስከተገደሉበት እስከ 2002 ዘልቋል። አንጎላ በነዳጅ ገቢና በቻይና ብድር የቤንጌላን የባቡር መስመር ዳግም ብትገነባም፣ ሀብቱ ወደ ዋና ከተማዋ ሉዋንዳ የድሆች ሰፈሮች እምብዛም አልወረደም፤ ሞዛምቢክ ደግሞ በእርዳታ ተደግፋ ለዓመታት ፈጣን ዕድገት ካስመዘገበች በኋላ፣ በ2016 የተጋለጠው የመንግሥት ስውር ብድርና በ2017 በሰሜናዊው የካቦ ዴልጋዶ ግዛት የተቀሰቀሰው የታጣቂዎች ጥቃት ወደ ኋላ ጎትተዋታል። በእኔ ግምት ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስቆጨው የአንጎላ ነው፤ ገንዘቡ ነበራታና።

የመደብሩ ጉድለት መጻሕፍቱ በአብዛኛው የቆዩ በመሆናቸው ከሰላሙ ይልቅ ስለ ጦርነቱ የሚያወሩት መብዛታቸው ነው። በአማርኛ የተጻፈ ደግሞ አላገኘሁም። ባለመደብሩ ጋሼ ግን ትዕግሥተኛ ናቸው፤ ሳይገዙ ቆሞ ማንበብን አይከለክሉም፣ በዋጋም ይደራደራሉ። መብራቱ ደካማ ስለሆነ በቀን መሄድ ይሻላል።