ብርዱና ፀሐዩ አብረው ይመጣሉ፦ የሶላር ኃይል በደብረ ብርሃን በጋ

ከጥቅምት እስከ ጥር ሶላሩ ይህን ያህል እንደሚያገለግለኝ አስቀድሞ የነገረኝ አንድም ሻጭ አልነበረም። የሚያወሩት ስለ መብራትና ስለ ቴሌቪዥን ነው። ስለ ብርድ ስጠይቅ አንዱ «በብርድ ወቅት ፀሐይ ጉልበት የላትም» አለኝ፤ ሌላው ደግሞ «ሁለት ሺህ ዋት ማሞቂያ ጨምረህ ውሰድ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቤቱን ያሞቅልሃል» አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

ያስገጠምኩት ሰኔ ላይ ነው፦ ባለ 450 ዋት ሁለት ፓኔሎች፣ ባለ 24 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚስማማ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ኢንቨርተር። ክረምቱ አላስደሰተኝም። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሳይገለጥ ይውልና ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል። ጎረቤቶቼ «ገንዘብህን ጣሪያ ላይ ሰቀልከው» ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። መስከረም አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የበጋው ሌሊት እንዲህ የሚበርደው ሰማዩ ጥርት ስለሚል ነው፤ ደመና ስለማያግደው ቀን መሬት የያዘው ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ያው ጥርት ያለ ሰማይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያወርድልናል። በአውሮፓ ብርዱ ሲገባ ቀኑም አብሮ ያጥራል፣ ሰማዩም ይጨልማል። እኛ ዘንድ በታኅሣሥ እንኳ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማል። ብርዱ በሚጠናበት ወር ፀሐዩም የሚበረታበት አገር ላይ ተቀምጠን «በብርድ አይሠራም» የሚለውን ወሬ እንዴት እንቀበላለን? ፓኔል የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት አይደለም። እንዲያውም ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በየዲግሪው ከኃይሉ ከመቶ 0.3 እስከ 0.4 ያህል ይቀንሳል። ከጣርማ በር በኩል የሚመጣው ያ ክፉ ነፋስ፣ እኛን ሲያንዘፈዝፍ ፓኔሉን ግን ይጠቅመዋል።

አቀማመጡ ላይ ከገጣሚው ጋር ተከራክሬያለሁ። የጣሪያውን ተዳፋት ተከትሎ ወደ ሰሜን ሊያዘነብላቸው ነበር። በበጋ ፀሐይ የምትሄደው በደቡብ በኩል ነው፤ ፓኔሉን ለብርድ ወቅት የሚፈልግ ሰው ወደ ደቡብ ማዘንበል አለበት። ብረት ተጨምሮ ወደ ደቡብ ዞረ፤ ያ የብረት ወጪ ፈጽሞ አይቆጨኝም።

አሁን ወደ ማሞቂያው እንምጣ። ሁለት ሺህ ዋት ማሞቂያ ለመሸጥ የምትለፋ ወንድሜ፣ እስቲ አብረን እናስላ። የእኔ ባትሪ ሙሉ ሲሆን የሚይዘው 2,500 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ማሞቂያህ በአንድ ሰዓት ሁለት ሺውን ይጨርሳል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ብለኩሰው አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ቤቱም ባትሪውም ቀዝቅዘው ያድራሉ። «ሌሊቱን ሙሉ» ያልከው ከየት የመጣ ሂሳብ ነው? ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ላለ ሰው ደግሞ ይህ ምክር ጭካኔ ነው፤ ሙቀቱ በጣሪያው በኩል ወጥቶ ይሄዳል፣ ገንዘቡም አብሮት።

እኔን ያስደሰተኝ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ፣ ከአንሶላ ሥር የሚነጠፍ ስስ ብርድ ልብስ ነው። ቢበዛ የሚወስደው 100 ዋት ነው፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቢሠራ 800 ዋት ሰዓት፣ ከባትሪው አንድ ሦስተኛ ያህል ማለት ነው። ክፍሉን ሳይሆን ሰውነትን ያሞቃል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ባናውን፣ ጋቢውን፣ በርኖሱን ሁሉ ደርባ እንኳ እግሯ እስኪሞቅላት እኩለ ሌሊት ይሆን ነበር። አሁን ከመተኛቷ ግማሽ ሰዓት በፊት አበራላታለሁ፣ ስትተኛ ወደ ዝቅተኛው አወርደዋለሁ። «ልጄ፣ ይሄን ነገር እንዳትሸጠው» ብላኛለች። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ልጥራ?

ሌላውና ትልቁ ጥቅም ከሰል ከመኝታ ክፍላችን መውጣቱ ነው። በየዓመቱ በዚህ ወራት ማንደጃ ይዞ በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው ሞተ ሲባል እንሰማለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የፋመ፣ ጭስ የሌለው ከሰልም ያመነጨዋል። ለዚህ ብቻ ስል ዕቃውን ደግሜ እገዛዋለሁ።

ቀን ላይ ደግሞ ባትሪው ብዙ ጊዜ ስድስት ሰዓት አካባቢ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኃይል ባክኖ እንዳይቀር ባለ 500 ዋት ትንሽ ማሞቂያ በእናቴ ክፍል እስከ ዘጠኝ ሰዓት አበራለሁ። ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ ጥቂት ሙቀት ይዞ ያመሻል። ለዚህ ግን አስቀድሜ ኮርኒስ አስመትቻለሁ፣ የበሩንም ሥር ደፍኛለሁ፤ ያለዚያ ትርጉም የለውም።

ሻጮች የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ኃይል መሙላት የለበትም፤ ደኅና መቆጣጠሪያ ያለው ራሱ ያቆመዋል። ውጭ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ያስቀመጠ ሰው ውርጭ ባደረበት ጠዋት ለምን እንደማይሞላ ግራ ይገባዋል። የእኔ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ፓኔሉም በውቂያ ወራት በአቧራና በእብቅ ይሸፈናል፣ መታጠብ አለበት፤ ውርጩ ቀልጦ ሳያልቅ ግን አይነካም።

ለሚመጣው ክረምት ሦስተኛ ፓኔል እጨምራለሁ። ሁለተኛ ባትሪ እንድገዛ የሚወተውቱኝ አሉ፤ መልሴ አንድ ነው፦ በደመና የሚጎድለኝ ማጠራቀሚያ ሳይሆን ማመንጫ ነው።