ዘጠኝ ወር በሁለት ምርኩዝ፦ በፖርቱጋል የኖራ ድንጋይ ኮረብቶች ላይ

እናቴ በስልክ ምስል ስታየኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እግርህን ምን ሆነህ ነው?» ብላ ነው። ከኋላዬ ያለውን ኮረብታ ልብ አላለችውም፤ ዓይኗ ያረፈው በሁለት እጄ በያዝኳቸው ምርኩዞች ላይ ነበር። አልፈረድኩባትም። እኛ ዘንድ ምርኩዝ የሚይዝ ሽማግሌ ወይም ሕመምተኛ ነው፤ ጤነኛ ከያዘ ዱላ ይባላል፣ እሱም አንድ ብቻ ነው። እኔ ራሴ ባለፈው መስከረም መጨረሻ ሊዝበን ውስጥ ከሱቅ ገዝቻቸው ስወጣ እንደ ጃንጥላ አጣጥፌ ብብቴ ሥር ሸሽጌአቸው ነበር። አሁን ሰኔ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ ከውኃ ኮዳዬ ቀድሜ የምፈልገው እነርሱን ነው።

ዕቃው ለተራራ የእግር ጉዞ የሚያዝ ባለ ሦስት ክፍል የአሉሚኒየም ዘንግ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ ያጥራል። በጎን የሚታጠፍ መቀርቀሪያ፣ የቡሽ እጀታ፣ የእጅ ማሰሪያ ጨርቅ፣ ከታች ደግሞ ተንግስተን ካርባይድ ከሚባል እጅግ ጠንካራ ቁስ የተሠራ ሹል ጫፍ አለው፤ ለጫፉ የሚለበስ የጎማ ቆብም አብሮ ይመጣል። ጥንዱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የከፈልኩት 74 ዩሮ ነው። የሠሪውን ስም አልጽፍም፤ የማማርርበት ነገር ስላለኝ ብቻ አይደለም፣ ይህንኑ የመሰለ ምርኩዝ በብዙ ፋብሪካዎች ስም ስለሚሸጥም ነው።

የሄድኩባቸው መንገዶች አብዛኞቹ ከሊዝበን በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ባሉት በአይሬና በካንዴይሮሽ ተራሮች ውስጥ ናቸው፤ አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1979 የተፈጥሮ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል። «ተራሮች» ስል የሰሜንን አምባ የሚያውቅ ሰው እንዳይስቅብኝ፤ ከፍተኛው የአይሬ ጫፍ 679 ሜትር ነው፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከዚያ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሰውን የሚፈትነው መሬቱ ነው። የኖራ ድንጋይ ውኃ አይዝም። ዝናቡ በስንጥቁ ሰርጎ ይገባና ከሥር ዋሻ እየቦረቦረ ሄዶ በተራራው ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። ስለዚህ ላይኛው አገር ጅረት የለውም፤ ያለው ድንጋይ፣ በድንጋይ ላይ የተካበ የድንጋይ ካብ፣ ወይራ፣ በየስንጥቁ ደግሞ ቀይ አፈር ነው። እኛ የጥብስ ቅጠል የምንለው ሮዝመሪ ዱር በቀል ሆኖ መንገዱን ሞልቶታል፤ ሱሪ ሲነካው የሚወጣው ሽታ በባዶ ሆድ የሚሄድን ሰው ያሰቃያል።

ምርኩዙን የገዛሁት ለዳገት ነበር። ስህተቴ ይህ ነው። ዳገት ላይ ያግዛል፣ ትንፋሽንም ይመጥናል፤ ነገር ግን በአርባ አራት ዓመቴ ዳገቱን ያለ እርሱም እወጣዋለሁ። ዋጋውን ያወቅኩት ቁልቁለት ላይ ነው። በፖርቶ ደ ሞሽ ወረዳ ፎርኒያ የሚባል ቦታ አለ፤ ውኃ ተራራውን ከውስጥ በልቶ እንደ ግማሽ ጎድጓዳ ሳህን ያስቀረው ገደል ነው። ከአፋፉ ወደ ታች የሚወርደው መንገድ በሚንከባለል ጠጠር የተሸፈነ ነው። ከዚህ በፊት በባዶ እጄ ወርጄ ጉልበቴ ለሦስት ቀን ደረጃ አላስወጣኝም ነበር። በጥቅምት ምርኩዞቹን አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር አስረዝሜ ወረድኩ፤ በማግሥቱ ያመመኝ ትከሻዬ ብቻ ነው። ትከሻ ደግሞ ይለምዳል።

ሌላው ያልጠበቅኩት ጥቅም ዓይኔን ነፃ ማውጣቱ ነው። ቀድሞ እግሬ የሚያርፍበትን እያየሁ ስሄድ የመንገድ ምልክት ያመልጠኝ ነበር። በፖርቱጋል ምልክቱ በድንጋይ ወይም በዛፍ ግንድ ላይ የተቀባ ቀለም ነው፤ ቢጫና ቀይ መስመር አጭሩን መንገድ፣ ነጭና ቀይ ደግሞ ከ30 ኪሎ ሜትር የሚያልፈውን ረጅሙን ያመለክታል። መስመሮቹ ተቆላልፈው መስቀለኛ ከሆኑ ተሳስተሃል፣ ተመለስ ማለት ነው። ይህን መስቀለኛ ዘግይቼ እያየሁ ስንት ጊዜ በማላውቀው ሰው የወይራ ማሳ ውስጥ ራሴን እንዳገኘሁ ቆጥሬ አልጨርስም። አሁን ምርኩዙ እየዳበሰ ስለሚቀድመኝ ቀና ብዬ እሄዳለሁ።

ከፖርቶ ደ ሞሽ በላይ አንድ ፍየል ጠባቂ ሽማግሌ አስቆሙኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጄ፣ እኔ በአንድ ዱላ ሠላሳ ፍየል እነዳለሁ። አንተ ራስህን ለመንዳት ሁለት አስፈለገህ?» አሉኝ። «አባቴ፣ ፍየሎቹ አራት እግር አላቸው፤ እኔም እንዳልበለጥ ብዬ ነው» አልኳቸው። ሳቁ፤ አንዱን ተቀብለው ጫፉን በድንጋይ ላይ ጎተቱትና በሚያወጣው ድምፅ ፊታቸውን አጨማደዱ።

ሽማግሌው ነገሩን አግኝተውታል። ትልቁ ችግር ጫፉ ነው። በአፈርና በጠጠር ላይ የካርባይዱ ጫፍ አይበገርም፤ ከዘጠኝ ወር በኋላም ብዙ አልደነዘዘም። ነገር ግን የድሮዎቹ መንገዶች ድንጋይ ለዘመናት በሰውና በአህያ እግር ተወልውሎ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል፤ እዚያ ላይ ብረቱ እየተንሸራተተ ይጮኻል። ለደረቅ ድንጋይ የጎማው ቆብ ይሻላል፣ እንደ መዳፍ ይይዛል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ግን ቀዩ አፈር ከድንጋዩ ላይ ተለውሶ ሲገኝ ጎማው ይከዳል፣ ብረቱ ይመለሳል። በአንድ ቀን ጉዞ አራት አምስት ጊዜ እያወለቅኩ መልሼ አለብሳለሁ። አንዱን ቆብ በኅዳር ጭቃ ውጦ አስቀረው።

ወደ ብልሽቱ ልምጣ። በየካቲት በካንዴይሮሽ ጀርባ ላይ ስሄድ የአገሩ ሰዎች ላፒያሽ የሚሉትን መሬት አቋረጥኩ። ውኃ ድንጋዩን ሸንትሮ ሸንትሮ ጠርዙን እንደ ቢላዋ፣ መካከሉን እንደ ጠባብ ቦይ ያደረገበት ቦታ ነው። የግራው ምርኩዝ አንድ ክንድ ያህል ስንጥቁ ውስጥ ገባ፤ እኔ ደግሞ እርምጃዬን አልገታሁም። የታችኛው ዘንግ እንደ ቀስት ደጋን ጎበጠ። እጄ በማሰሪያው ውስጥ ስለነበር ትከሻዬም ተጎተተ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንዲህ ባለ መሬት እጅን ከማሰሪያው አውጥቶ መሄድ ይገባ ነበር። አሉሚኒየም በመሆኑ ግን አመሰገንኩ። የካርቦን ፋይበር ቢሆን ቀለል ይል ነበር፣ እንዲህ ሲጠመዘዝ ግን ጎብጦ አይቀርም፣ ይሰበራል። እኔ በጉልበቴ ደግፌ አቀናሁትና አምስት ኪሎ ሜትር ተደግፌው ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ወደ ላይኛው ዘንግ አልገባ አለ።

ሱቁ ዋስትናው አይሸፍነውም ሲለኝ አልተከራከርኩም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ስገዛ «መለዋወጫው ሁልጊዜ አለ» ተብዬ ነበር፤ አንዲት ዘንግ ለማግኘት አምስት ሳምንትና ሦስት ስልክ ፈጀብኝ፣ 19 ዩሮም ከፈልኩ። ምርኩዝ የምትገዙ ሰዎች ዘንጉን ከመፈተሽ በፊት የመለዋወጫውን መደርደሪያ በዓይናችሁ እዩ።

መቀርቀሪያውም ያለ እንክብካቤ አይታመንም። ብሎኗ ቀስ በቀስ ትላላለች። አንድ ጊዜ ቁልቁለት መሀል ላይ ዘንጉ በድንገት ወደ ውስጥ ገብቶብኝ በመቀመጫዬ ጠጠሩ ላይ አረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ከመነሳቴ በፊት በሳንቲም ጠበቅ አደርጋታለሁ፤ ማታ ደግሞ ክፍሎቹን ነቅዬ አደርቃለሁ። ዘይት መቀባት ግን ነውር ነው፤ መቀርቀሪያው የሚይዘው በሰበቃ ስለሆነ ዘይት የነካው ዘንግ ይንሸራተታል።

ሸለቆዎቹ ሌላ ዓለም ናቸው። ከተራራው ሥር ያ ጠፍቶ የነበረው ውኃ ይወጣል። የአልቪዬላ ወንዝ ምንጭ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ በረጅም የውኃ መስመር ሊዝበን ድረስ እየተጓዘ ከተማዋን አጠጥቷል። በአጠገቡ አንድ ጅረት መሬት ውስጥ ገብቶ ይሰወርና ወዲያ ማዶ ብቅ ይላል። እዚህ ምርኩዙ ሦስተኛና አራተኛ እግር ይሆናል፤ በአልጌ በተሸፈነ ድንጋይ ላይ ስሻገር አንዱን ተክዬ ሌላውን አነሳለሁ። በሚንዴ ሜዳም ሌላ ሥራ አገኘሁለት። ሜዳው ዝናብ በበዛበት የብርድ ወቅት ውኃ ሞልቶት ሐይቅ ይሆናል፣ ነዋሪው «የሚንዴ ባሕር» ይለዋል። በጥር ስደርስ መንገዱ ውኃ ውስጥ ገብቷል። በዘንጉ ላይ ባለው የሴንቲ ሜትር ምልክት ጥልቀቱን ለካሁ፤ ስድሳን ሲያልፍ ተመለስኩ። በናባው ወንዝ ዳር በአግሮዋል ባለው የእንጨት መተላለፊያ ላይ ደግሞ ከጥቅሙ ጣጣው ይበልጣል፤ ጫፉ በጣውላዎቹ መካከል እየተቀረቀረ ያስቸግራል፣ እንጨቱንም ይጎዳል። ጎማውን አልብሱ፣ ወይም እንደ እኔ ሁለቱንም ትከሻችሁ ላይ አጋድማችሁ እጃችሁን ስቀሉባቸው። በገጠር አባቶቻችን ዱላቸውን እንደሚይዙት መሆኑ ነው፤ ፖርቱጋሎቹ ዞር ብለው ያያሉ።

ስለ ቡሹ እጀታ ክፉ መናገር ይከብደኛል። ላብ ይመጥጣል፣ በብርድ አይቀዘቅዝም፣ መዳፌንም አልላጠኝም። ጠቁሯል፤ የጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭም ወልቆ በማጣበቂያ መልሼዋለሁ። ከዓለም ቡሽ ግማሽ ያህሉ የሚመረተው በፖርቱጋል ነው። ዛፉ ግን የኖራ አፈር ስለማይወድ በእነዚህ ኮረብቶች ላይ አይታይም። ከቴዦ ወንዝ ማዶ ወደ ኮሩሼ ስትሄዱ ነው የምታገኙት፤ ቅርፊቱ ከተገፈፈው ግንድ ላይ አንድ ቁጥር በነጭ ቀለም ተጽፎ ታያላችሁ። የተገፈፈበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ነው፤ 3 ከሆነ በ2023 ተገፍፏል፣ ቀጣዩ ተራ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አይደርስም።

የመጨረሻው ፈተና በግንቦት መጀመሪያ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ሜይ 13 ፋቲማ በምትባለው የካቶሊኮች መሳለሚያ ከተማ ለሚከበረው በዓል ተሳላሚው ከየአቅጣጫው በእግሩ ይጎርፋል፤ እኔም ከሳንታሬን ተነስቼ የፋቲማን መንገድ የሚያመለክተውን ሰማያዊ ቀስት እየተከተልኩ በሁለት ቀን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሄድኩ። ብዙው አስፋልት ነው። አስፋልት የጎማ ቆብ ጠላት ነው፤ ሁለቱም ታችኛው ብረት እስኪታይ ድረስ አለቁ። አዲስ ጥንድ በ6 ዩሮ ገዛሁ። ለሜዳና ለአስፋልት ብቻ ለሚሄድ ሰው ይህን ዕቃ አልመክርም፣ ሸክም ነው። ጉልበቱን ለሚሰማና ቁልቁለት ለሚበዛበት ግን ከአዲስ ጫማ በፊት ይግዛው እላለሁ።

እናቴ ባለፈው ሳምንት ደወለች። ስለ ጉልበቷ አውርታ አውርታ ሲያበቃ «ያ ነገር ለቅዳሴ መቆሚያ ይሆናል?» አለችኝ። ይሆናል አልኳት። «ብረቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይጮኽም?» አለች። ዘንጉ የተለወጠለትን የግራውን እኔ አስቀርቼ ደኅናውን የቀኙን ምርኩዝ፣ አንዱን አዲስ ቆብ አልብሼ፣ በሐምሌ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ወዳጄ ሰጥቼዋለሁ።