«ፍሬንህን በዘመናዊ ልቀይርልህ» የሚላችሁን ሰው ተጠንቀቁ

ጉልበቴ በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው የምጽፈው፤ ቃሌ ከሻከረባችሁ ታገሱኝ።

ሳይክሌ ከአውሮፓ ያገለገለች የገባች ማውንቴን ነች፣ በፈረንጆቹ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥሪት። ፍሬኗ ያ የድሮው ካንቲሊቨር ነበር፤ ከጎማው ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር እጆች፣ መሃላቸው እንደ ድንኳን የተወጠረ ካቦ። ይይዛል፣ ግን ይጮሃል። ሰፈሩ ሁሉ መምጣቴን በጩኸቱ ነው የሚያውቀው። መርካቶ ይዣት የወረድኩት ይህንኑ ላስቆም ብዬ ነበር። የላስቲኩ የፊት ጫፍ ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ በትንሹ ማዘንበል ብቻ ይበቃ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። በአንድ መፍቻ የሚያልቅ ሥራ!

ሱቁን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ጎማ የተንጠለጠለበት፣ ባለቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ልጁ የሚሠራበት፣ ሁሉም ዕቃ «ኦርጅናል» የሆነበት። ሰውየው ፍሬኔን በአንድ ጣቱ ነካ አደረገና ከንፈሩን መጠጠ። «ወንድሜ፣ በዚህ ነው ሽሮ ሜዳን የምትወርደው? ልጅ የለህም?»

ልጅ አለኝ። በቃ፣ አለቀልኝ። ቪ ብሬክ የሚሉት ባለ ረጃጅም እጅ ዘመናዊ ፍሬን፣ ከነካቦው፣ ከነእጅ ዋጋው 3,800 ብር።

ልጁ አዲሶቹን ረጃጅም እጆች አሰረ፣ ካቦውን አስገባ፣ የፍሬኑን እጀታ ጨበጥ ሲያደርገው መሪው ላይ ሄዶ ተጋደመ። ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ እጀታውም አብሮ መቀየር የለበትም እንዴ?» አለ። ሰውየው አልመለሰለትም። አየው ብቻ። ከዚያ ራሱ ተነስቶ መጣና ካቦውን በፒንሳ ስቦ፣ ላስቲኩ ቸርኬው ላይ ሊለጠፍ ምንም እስከማይቀረው ድረስ አጠበቀው። «በል ሞክራት» አለኝ። ጨበጥኩት፤ ድርቅ አለ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ መፍቻ ይሰበስባል። ጥያቄውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ መልስ እንዳላገኘም በዓይኔ አይቻለሁ። እና ምን አደረግኩ? ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ፣ ለልጁም 50 ብር ጉርሻ ጨመርኩ። አሮጌው ፍሬን «ለሱቁ ይቀራል» ሲለኝ እንኳ እሺ አልኩ!

የቪ ብሬክ እጅ ረጅም ስለሆነ ለመንከስ ካቦው ከድሮው ፍሬን ወደ 2 እጥፍ መሳብ አለበት። የጃፓኑ የሳይክል ዕቃ አምራች ሺማኖ ራሱ በፈረንጆቹ 1996 ሲያወጣው አብሮት የሚሄድ እጀታ የሠራለት ለዚሁ ነው። በድሮ እጀታ ሲታሰር ሱቅ ውስጥ፣ ላስቲኩ ቸርኬው አፍንጫ ሥር ሆኖ፣ ይይዛል። አዲሱ ካቦ ቦታ ቦታውን ሲይዝና ላስቲኩ ትንሽ ሲበላ ግን እጀታው ሳይነክስ መሪው ላይ ያልቃል።

የኔ ያለቀው በ4ኛው ቀን፣ በዝናብ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ስወርድ ነው። ፊቴ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሊጭን ድንገት ቆመ። ሁለቱንም ጨበጥኩ፤ ሁለቱም ጣቶቼን ከመሪው ጋር ደፈጠጡኝ፣ ሳይክሏ ግን መውረዷን ቀጠለች። በጫማዬ ልይዝ ብል አስፋልቱ ሳሙና ሆኗል። መንገድ ዳር የተራገፈ የግንባታ አሸዋ ባይኖር ይህን የምጽፈው እኔ አልነበርኩም። ረዳቱ መጥቶ እያነሳኝ፣ «ብሮ፣ ፍሬን የለህም እንዴ?» ይለኛል። አዲስ ነው ልለው አፈርኩ።

እያነከስኩ ሱቁ ተመለስኩ። ሰውየው ሻዩን አላስቀመጠም። «ፍሬን አልከኝ፣ ፍሬን ሠራሁልህ። እጀታ ብለኸኛል? እሱ ለብቻው 1,200 ነው። ላንተ 1,000።» ልጁ አልነበረም። ከሰውየው ራስ በላይ የኔው አሮጌ ፍሬን ተወልውሎ ተሰቅሏል። ስንት ነው አልኩት፣ ለነገሩ። «እሱ ውድ ነው፣ ኦርጅናል የድሮ ዕቃ ነው» አለኝ፤ የማን እንደነበር እንኳ ረስቶታል።

ለማንኛውም፣ ቪ ብሬክ ካስገባችሁ እጀታውም አብሮ ይቀየር። በላስቲኩና በቸርኬው መሃል በየጎኑ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ክፍተት አስደርጉና ጨብጡት፤ መሪው ላይ ከደረሰ እንዳትከፍሉ። አሮጌ ዕቃችሁንም ይዛችሁ ውጡ።